«ቢላቭድ» እና የጎረቤት ሳህን

የቶኒ ሞሪሰንን «ቢላቭድ» ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ለፈተና ብዬ ነው። መምህራችን «ሴተን ያዳናት ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ቸኩዬ «ፖል ዲ ነዋ! ፍቅር!» ብዬ መለስኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጇንስ የገደለችው በምን ምክንያት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ይህች አጭር ጽሑፍ የዘገየች መልሴ ናት።

ልብ ወለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1856 ከኬንታኪ ባርነት ያመለጠችው ማርጋሬት ጋርነር አሳዳጆቿ ሲደርሱባት፣ ልጇ ወደ ባርነት እንዳትመለስ ብላ ገደለቻት። የሞሪሰን ሴተም ይህንኑ ታደርጋለች። ትረካው የሚጀምረው ከዚያ 18 ዓመት በኋላ፣ በ1873 ሲንሲናቲ ውስጥ ነው።

ሴተ ስለዚያ ቀን አታወራም። ጎረቤትም ደጇን አይረግጥም፤ ቤቱ በሟቿ መንፈስ ይታወካል። ፖል ዲም ቢሆን የደረሰበትን ሁሉ እንደ ዛገ የትምባሆ ቆርቆሮ ደረቱ ውስጥ ከድኖ የሚዞር ሰው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እፎይ እንላለን። ነገር ግን ፖል ዲ የሆነውን ሲሰማ ፍቅርሽ ልክ አልፏል ብሎ ጥሏት ይሄዳል። ሟቿ «ቢላቭድ» የምትባል ወጣት ሆና ስትመጣ ደግሞ ሴተ ሥራዋን ታጣለች፣ ምግቧን ለሷ እየሰጠች ትመነምናለች። የኔ መልስ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ፍቅር ብቻውን የሚያድን ቢሆን ሴተ ድሮ በዳነች ነበር።

ታዲያ ለውጡ ከየት መጣ? ከደጅ። ለዓመታት ብቻዋን ከግቢ ወጥታ የማታውቀው ልጇ ዴንቨር፣ ረሃብ ሲጠናባቸው ሄዳ የቀድሞ መምህሯን እርዳታ ትጠይቃለች። ከዚያ ወዲያ በግቢው ጥግ ምግብ ይቀመጥ ጀመር፤ አንዳንዱ ላይ የላኪዋ ስም በወረቀት ተጽፏል። ዴንቨር ሳህኑን ልትመልስ ስትሄድ ሰላምታ፣ ከሰላምታው ጨዋታ ይከተላል። በመጨረሻም 30 ያህል ሴቶች ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይመጣሉ። ፖል ዲ ተመልሶ አልጋዋ አጠገብ የሚቀመጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ክፍል ሳነብ እዝን ትዝ አለኝ። አባቴ ሲሞት እናቴ ለብዙ ቀን ቃል አልወጣትም። ጎረቤቶቻችን እንጀራና ወጥ ይዘው እየመጡ ዝም ብለው አብረዋት ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ አፏን የፈታችው ስለ አባቴ ለማውራት አልነበረም፤ «ይሄ የማን ሳህን ነው?» ነው ያለችው። ያንን ሳህን ልትመልስ ከቤት ወጣች።

ልዩነቱን ግን መዘንጋት የለብንም። የኛ እዝን በማግስቱ መጣ፤ የሴተ 18 ዓመት ዘገየ። እንዲያውም አሳዳጆቹ ሲመጡ ሳያስጠነቅቃት የቀረው ይኸው ጎረቤት ነው። ሞሪሰን ጎረቤትን መልአክ አላደረገችውም፤ ፈውሱን እንዳምነው ያደረገኝም ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ መምህር፣ መልሴን አርሜያለሁ። ሴተን ያዳናት አንድ ሰው አይደለም። ያውም ድናለች ከተባለ ነው፤ ልብ ወለዱ ሲያልቅ ገና አልጋ ላይ ናት። ብቻዋን ግን አይደለችም።