ባለ ቁልፍ የእጅ ስልክ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅምና ያለበት ጉድለት

ከነጋዴ ሥራ ውስጥ ታላቁ ክፍል መጻፍ ነው። ዕቃው በመርከብ ወይም በመኪና ከመጓዙ አስቀድሞ ዋጋው፣ ብዛቱ፣ ደረጃውና የሚደርስበት ቀን በጽሑፍ ይጓዛል። ይህ ጽሑፍ ቀድሞ በደብዳቤና በቴሌግራም፣ ኋላም በቴሌክስና በፋክስ ይላክ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው በእጅ ስልክ ይላካል። ነጋዴው በመጋዘን በር ላይ ቆሞ ወይም በጉምሩክ ተራውን ሲጠብቅ የሚጽፋት አንዲት መሥመር ውል ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የሚጻፍበት መሣሪያ ምን ዐይነት እንደ ሆነ መመርመር ለነጋዴ የጨዋታ ነገር አይደለም።

ዛሬ በሰው እጅ የሚታየው ስልክ ከጥቂቱ በቀር ፊቱ በሙሉ መስተዋት ነው። ፊደሎቹ በመስተዋቱ ላይ እንደ ሥዕል ይታያሉ፤ ጣት ሲነካቸው ይጻፋሉ። ይህ ትምህርት የሚናገረው ግን ስለ ሌላው ዐይነት ነው፤ ይኸውም ከመስተዋቱ በታች እንደ ጽሕፈት መኪና እውነተኛ ቁልፎች የተደረደሩለት፣ ሃያ ስድስቱም የላቲን ፊደሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁልፍ ያላቸው ስልክ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ስም «ብላክቤሪ» ይለዋል እንጂ ኖኪያና ፓልምም እንዲህ ያለውን ስልክ ሠርተዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖኪያ በ1996 እንደ መጽሐፍ የሚከፈተውንና ውስጡ ሙሉ የፊደል ቁልፍ ያለውን «ኮሙኒኬተር 9000» አወጣ። በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ፣ ዋተርሉ በምትባለው ከተማ ማይክ ላዛሪዲስና ዳግላስ ፍሬጊን በ1984 ያቋቋሙት ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1999 «ብላክቤሪ 850» የሚባለውን ሸጠ። ይህ የመጀመሪያው ብላክቤሪ ስልክ አልነበረም፤ ድምፅ ሳያስተላልፍ ኢሜይል ብቻ የሚቀበልና የሚልክ፣ በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ነበር። ከዚህ የተነሣ ቁልፎቹ ለጌጥ የተጨመሩ ሳይሆኑ የመሣሪያው ዋና ነገር ነበሩ። በነገራችን ላይ በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረውና የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በዚሁ በ1999 ነው። ሦስቱ ነገሮች አንዱ ከሌላው ጋር ባይያያዙም የአማርኛ ነጋዴ ዛሬ በእጁ የያዘው ነገር የተሰበሰበው ከሦስቱም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በእውነተኛ ቁልፍና በመስተዋት መካከል ያለው ልዩነት በፍጥነት አይደለም። በመስተዋት ላይ ከብላክቤሪ ጸሓፊ ፈጥኖ የሚጽፍ ወጣት በየሱቁ ሞልቷል። ልዩነቱ ስሕተቱ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ላኪ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ቡና እንደሚልክ ለገዢው ይጽፋል እንበል። ጆንያው ስድሳ ኪሎ ስለሚይዝ ጠቅላላው 19,200 ኪሎ ይሆናል። በመስተዋቱ ላይ ቁጥሮቹ በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በጣትና በቁጥሩ መካከልም የሚዳሰስ ድንበር የለም። ጣቱ ጥቂት ወደ ግራ ቢያዘነብል ሦስቱ ሁለት ይሆንና 220 ይጻፋል። ወደ ቀኝ ቢያዘነብል 420 ይሆናል። 420ውን ገዢው ወዲያው ያውቀዋል፤ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የማይገባ ነውና። 220ው ግን ደህና ቁጥር ይመስላል። ማንም አይጠይቅበትም፤ ስሕተቱ የሚገለጠው ሰነዱ ባንክ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በመካከሉም 6,000 ኪሎ ቡና ጠፍቷል። ቁጥርን የሚያርም መዝገበ ቃላት ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

በባለ ቁልፉ ስልክ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። በብዙዎቹ ብላክቤሪዎች ቁጥሮቹ በፊደሎቹ ቁልፎች ላይ፣ እንደ ስልክ ቁጥር መምቻ ሦስት ሦስት ሆነው ታትመዋል፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት በደብልዩ፣ በኢና በአር ላይ፤ አራት፣ አምስትና ስድስት በኤስ፣ በዲና በኤፍ ላይ፤ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ በዜድ፣ በኤክስና በሲ ላይ ናቸው። በደብዳቤ መካከል ቁጥር ለመጻፍ «ኦልት» የተባለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ጀማሪው ይህን እንደ ሸክም ይቆጥረዋል፤ በእርግጥም በመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል። ነገር ግን ጸሓፊው ኦልትን ቢዘነጋ የሚወጣው ሌላ ቁጥር አይደለም፤ ፊደል ነው። በሦስት መቶ ፋንታ አር የሚል ፊደል ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ዐይኑ የደከመ ሰው እንኳ አያልፈውም። እንዲህ ያለው ስሕተት ራሱን የሚያጋልጥ ስሕተት ነው።

በዚህ ላይ የቁልፎቹ ፊት ለስላሳ አልተደረገም። በተለይም በ2008 በወጣው «ቦልድ 9000» ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ በአንድ ወገን ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ አውራ ጣት ሳይታይ በቁልፉ መካከል መሆኑን ይለያል፤ ቁልፉም ሲወርድ ጣት ላይ ይሰማል። በመጋዘን ውስጥ ጭነት እየቆጠረ፣ ዐይኑን ከጆንያው ላይ ሳያነሣ የሚጽፍ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። ይህ ሲባል ግን ቁልፍ ከስሕተት ሁሉ ያድናል ማለት አይደለም። 320ን 230 ብሎ የሚጽፍ ሰው በድንጋይ ላይ ቢቀርጽም 230 ነው የሚቀርጸው፤ ያ የጣት ሳይሆን የአሳብ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የመስተዋት ስልክ ፈተና ማረሚያው ነው። የስልኩ መዝገበ ቃላት የሚያውቃቸውን ቃላት እንጂ የነጋዴውን ቃላት አያውቅም። ይርጋ ጨፌ፣ ሊሙ፣ ለቀምት የሚሉትን የቡና ስሞች፣ የደንበኛውን አባት ስም፣ የመርከቡን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ስልኩ «ተሳስተሃል» ብሎ ሌላ ቃል ያስገባል፤ ይህንንም የሚያደርገው ጸሓፊው ወደሚቀጥለው ቃል ከተሻገረ በኋላ ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚሠራ ንግድ ላይ የተቀባዩ ስም በአንዱ ሰነድ አንድ ዐይነት፣ በሌላው ሌላ ዐይነት ሆኖ ቢገኝ ባንኩ ሰነዱን ለመመለስ በቂ ምክንያት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በመስተዋት ስልክ የሚሠራ የንግድ ቤት ማረሚያውን ማጥፋት፣ ወይም የዘወትር ስሞችን አንድ በአንድ በስልኩ መዝገብ ማስገባት ይገባዋል። በባለ ቁልፉም ላይ ማረሚያ አለ፤ ነገር ግን ጣቱ ድንበር ስለሚያገኝ የማረሚያው እርዳታ የሚያስፈልገው ጥቂት ነውና ቢያጠፉት አይጎዳም።

የባለ ቁልፉ ስልክ ባለቤቶች በየዕለቱ ሲገለገሉበት ያገኙት ሌላው ጥቅም አሳጥሮ መጻፍ ነው። ቀድሞ የቴሌግራም ዋጋ በቃል ይቆጠር ስለ ነበር ነጋዴዎች አንዱን ረዥም ዐረፍተ ነገር በአንድ ቃል የሚተኩ የኮድ መጻሕፍት ነበሯቸው። በብላክቤሪ «አውቶቴክስት» የተባለው ክፍል ይህንኑ ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ሲጻፍ በፋንታው የንግድ ቤቱ ሙሉ አድራሻ፣ ወይም «ሰነዱ ደርሶናል፤ ክፍያው በዚህ ሳምንት ይፈጸማል» የሚለው መልስ በሙሉ ይወጣል። የመስተዋት ስልኮችም ይህን ስለሚችሉ ባለቤቶቻቸው ቢማሩት ይጠቀማሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርን በዚህ መንገድ ማስቀመጥ በየጊዜው እንደ ገና ከመምታት ይሻላል፤ ሆኖም መጀመሪያ ሲገባ አንዱ እያነበበ ሌላው ከባንኩ ወረቀት ጋር ሊያመሳክረው ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ተሳስቶ የገባ ቁጥር ሁልጊዜ ተሳስቶ ይወጣልና። «የሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ፣ በየትኛውም ዐይነት ስልክ ቢሆን፣ አስቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ደውሎ የሰውየውን ድምፅ ሳይሰሙ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ሌሎችም አቋራጮች ነበሩ። በመልእክቶች ዝርዝር ላይ ቲን ሲጫኑ ወደ መጀመሪያው፣ ቢን ሲጫኑ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፤ አር መልስ ይከፍታል። በ2017 በወጣው «ኪዋን» ላይ ሃያ ስድስቱ ቁልፎች ባጭሩ ሲጫኗቸውና አቆይተው ሲጫኗቸው ኀምሳ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞችን ይይዛሉ።

የአማርኛ ጽሕፈት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ የገጠማቸው ችግር በዚህም ስልክ ላይ ይገኛል፤ ይኸውም ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፣ ቁልፎቹ ግን ጥቂት ናቸው። የዛሬው መፍትሔ በድምፅ መጻፍ ነው። የተናባቢው ቁልፍ ሲጫን ሳድሱ ይወጣል፤ ቀጥሎ የአናባቢው ቁልፍ ሲጫን ያው ፊደል ወደ ግእዝ፣ ወደ ካዕብ ወይም ወደ ሣልስ ይለወጣል። በእውነተኛ ቁልፍ ላይ እጅ ይህን ሥርዐት በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል፤ ሁለት ጊዜ መምታቱም እንደ አንድ ምት ይሆናል። በመስተዋት ላይ ግን ፊደሉን ተጭኖ ቤተሰቡን አይቶ መምረጥ ለብዙ ሰው ይቀልላል፤ የላቲንን ፊደል ማወቅም አያስፈልገውም። ደንበኞቹ ሁሉ በአማርኛ የሚጽፉለት ባለ ሱቅ ስለዚህ ብቻ ባለ ቁልፍ ስልክ ፍለጋ መድከም የለበትም። ጥቅሙ የሚበዛው ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ለሚጻጻፈው አስመጪና ላኪ ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ቁልፎቹ የስልኩን ፊት ሲካፈሉ መስተዋቱ ያንሳል፤ ሰፊ የዋጋ ሠንጠረዥ ወይም የጭነት ሰነድ በእርሱ ላይ ማንበብ ዐይንን ያደክማል። ስቲቭ ጆብስ በጥር 2007 አይፎንን ለሕዝብ ሲያሳዩ በባለ ቁልፎቹ ላይ ያቀረቡት ክርክር ይኸው ነበር፤ ቁልፎቹ ቢፈለጉም ባይፈለጉም ቦታቸውን ይዘው ይቀራሉ የሚል ነው። ክርክሩ እውነት ነው፤ ገበያውም ተቀብሎታል። ከዚህም ሌላ በቁልፎቹ መካከል አቧራና ፍርፋሪ ይገባል፤ አንድ ቁልፍ ሲበላሽ ስልኩ በሙሉ መፈታት አለበት። በሁለት አውራ ጣት ቀኑን ሙሉ መምታት ጣትን ያሳምማል፤ በእንግሊዝኛ «የብላክቤሪ አውራ ጣት» የሚባል ስም እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። አዲስ መልእክት ሲመጣ የምትበራው ትንሽ ቀይ መብራት ደግሞ ሰውን ከምሳ ማዕድ አስነሥታለች። በአሜሪካ አንድ መዝገበ ቃላት በ2006 የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው «ክራክቤሪ» የሚለውን ነው፤ ትርጉሙም እንደ ሱስ የያዘ ብላክቤሪ ማለት ነው። መብራቷን ከስልኩ ማስተካከያ ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን አላጠፋትም።

ከሁሉ የከፋው ግን ከቁልፉ ሳይሆን ከአገልግሎቱ የመጣ ነው። የብላክቤሪ መልእክት በኩባንያው የራሱ ማእከል በኩል ያልፍ ነበር። በጥቅምት 10 ቀን 2011 የማእከሉ አንድ ዋና መሣሪያ ተበላሸ፤ ለምትክ የተዘጋጀውም እንደ ታሰበው አልሠራም። በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ፣ ኋላም በአሜሪካ ያሉ ደንበኞች መልእክት ሳይደርሳቸው ቀናት አለፉ፤ አገልግሎቱ የተስተካከለው በጥቅምት 13 ቀን ነው። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መንግሥት አገልግሎቱን በጥቅምት 11 ቀን 2010 እንደሚያቆም አስታውቆ፣ ቀኑ ሲቃረብ አሳቡን ተወው። ዱባይ ለሚመላለስ ነጋዴ እነዚያ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም።

ኩባንያው በመስከረም 2016 ስልክ በራሱ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በስሙ ሲሠራ የነበረው የቻይናው ቲሲኤል ውልም በ2020 አበቃ። በጥር 4 ቀን 2022 የቀድሞዎቹ ብላክቤሪዎች አገልግሎት ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ በእነርሱ ላይ ጥሪም ሆነ መልእክት የሚታመን አይደለም። እንደ ኪዋን ያሉት አንድሮይድ የተጫነባቸው ግን በዚህ አልተነኩም። በአሜሪካ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች በዚያው በ2022 3ጂን ስለ ዘጉ፣ እዚያ ያለ ዘመድ አሮጌውን ስልክ «እዚህ አይሠራም» ብሎ በስጦታ ቢልክ አያስደንቅም። ዛሬ ባለ ቁልፍ ስልክ አዲስ የሚፈልግ ሰው ከቻይናው ዩኒኸርትዝ «ታይታን» የተባለውን፣ ወይም ከ2024 ጀምሮ የወጣውን፣ በአይፎን ላይ እንደ ልብስ የሚገባውን «ክሊክስ» የተባለ የቁልፍ ሰሌዳ ያገኛል።

ያገለገለ ስልክ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የራሱን ሲም ካርድ አስገብቶ ይደውል፤ መልእክትም ይላክ። ቀጥሎ ሃያ ስድስቱን ፊደሎችና ዐሥሩን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይምታቸው፤ በተለይ ኦልትንና የቦታ መተዉን ረዥም ቁልፍ፣ ብዙ የሚሠሩ ስለ ሆኑ ቀድመው ይደክማሉና። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በመስተዋቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በቁልፎቹም መሥራቱን ሁለት መሥመር ጽፎ ይይ። ባንኩና የገንዘብ መላኪያው ፕሮግራሞች መጫን መቻላቸውንም ይመልከት፤ የስልኩ አንድሮይድ ካረጀ እምቢ ይላሉ። ሻጩ ሲም ካርድ እንዲገባበት ካልፈቀደ ስልኩን እዚያው መመለስ ነው።