ከሰፈር ሱቅ ወይስ ከቅዳሜ ገበያ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። አስቤዛዬን ከሰፈር ሱቅ በጥቂት በጥቂቱ እገዛለሁ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብሄድ ይሻለኛል?

መልስ፦ እንደ ዕቃው ነው። የደንቢያ ጤፍና ሽንብራ፣ የዳባትና የደባርቅ ባቄላ አዝመራ ተሰብስቦ ገበያ ሲሞላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ረከስ ይላሉ፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳሉ። ለብቻ ካልቻሉ ከጎረቤት ጋር አንድ ኩንታል ይካፈሉ፤ የታክሲውም ወጪ ይቀልላል። ቲማቲም ግን ይበሰብሳል፤ የሳምንቱን ብቻ ይያዙ። ዘይት ሌላ ጣጣ ነው፤ አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብር መዳከም ይነካዋል። ለእሱ ርቀው ከመሄድዎ በፊት የሸማቾች ማኅበሩን ይጠይቁ። ባለሱቁን አልኮንንም፤ ኪስ ሲደርቅ ዱቤ የሚሰጠው እሱ ነው። በጣሳ ሲገዙ ግን ኪሎው ስንት እንደሚመጣ ያስሉ።