ሽታ ልትፈትኚ ስትነሺ

ልጄ፣ ነርስነት መማር በመጀመርሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ያረጀሁበት ሥራ ስለሆነ፣ መጽሐፉ ቶሎ ስለሚያልፈው ስለ አፍንጫ ጥቂት ልበልሽ።

1. ሰው በማያውቀው ሽታ አይፈተንም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው ሪቻርድ ዶቲና ባልደረቦቹ ያወጡት ፈተና 40 ሽታዎች አሉት፤ ታካሚው ወረቀቱን ፍቆ ያሸትና ከአራት መልስ አንዱን ይመርጣል። ግሩም ሥራ ነው። ግን ሩት ቢር የሚሉት ለስላሳ መጠጥ አለበት። ከመንዝ የመጡ እናት ይህን ቢስቱ አፍንጫቸው ታሟል ልትይ ነው? ጃፓኖች ሂኖኪ የተባለ ዛፋቸውን አስገብተው የራሳቸውን ፈተና አዘጋጅተዋል።

2. ለእኛ ሰው ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት አሉልሽ። ኮረሪማውን ፈጭተሽ አታምጪ፣ ሽታው ይተናል፤ እዚያው ፈልፍለሽ ፍሬውን ጨፍልቂና በትንሽ ብልቃጥ አቅርቢ። ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣታቸው ይድፈኑ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ዕጣን የጤሰበት ክፍል ከሆነ ቦታ ቀይሪ። ካሸተቱ በኋላ አራት ስም ጥሪላቸውና ይምረጡ። «ይሄማ ያ... ክትፎ ቅቤ ውስጥ የሚገባው» ካሉሽ ኮሰረቱን አሽትተዋል፤ ስሙ ጠፋባቸው ብለሽ ዜሮ እንዳትሰጪ! ስም መርሳት ሌላ፣ አለማሽተት ሌላ።

3. በርበሬና አሞንያ ይቅሩ። ማቃጠሉን የሚያደርሰው የማሽተት ነርቭ ሳይሆን የፊትን ስሜት የሚያደርስ ሌላ ነርቭ ነው። ሽታ ጨርሶ የማይሰማውን ሰውም በርበሬ ያስነጥሰዋል።

4. ጉንፋን ከያዛቸው እስኪለቃቸው ጠብቂ።

5. ዕድሜ ራሱ ማሽተትን ያደክማል። ፓርኪንሰንም እጅ ከማንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት አፍንጫን ሊነካ ይችላል። አንቺ የበሽታ ስም አትጥሪ፤ ወደ ሐኪም ላኪያቸው። በጋዝ የሚበሰልበት ቤት ከሆነ ግን ለቤተሰቡ ሳትነግሪ እንዳትወጪ፤ ጋዙ ቢያፈስ ሽታው አይሰማቸውም።

6. ከጉንፋን ወይም ከኮቪድ በኋላ ማሽተት ለቀረባቸው ልምምድ አለ። ጀርመናዊው ቶማስ ሁመል እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት ታካሚዎች ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንት አሽትተው፣ ካልተለማመዱት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ሦስቱን በየትም ታገኛለሽ። በጽጌረዳው ተጠንቀቂ፤ አልኮል ያለበት ሽቶ ሰጥተሽ አፍንጫ ከማስቆጣት ከአበባ ሻጭ አንድ ዘንግ መግዛት ይሻላል።