በርኖሱና ክረምቱ
የጥናት ትምህርት፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥9–22



ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት፣ ስለ ሩጫው ፍጻሜና ስለ ጽድቅ አክሊል ከተናገረ በኋላ ጥቂት ሳይርቅ ስለ አንድ በርኖስ ያነሣል። በጢሮአዳ በአክርጳ ዘንድ የቀረው ይህ ልብስ ከመጻሕፍቱ ጋር እንዲመጣለት ይለምናል፤ ጢሞቴዎስም ራሱ ክረምት ሳይገባ እንዲደርስ አጥብቆ ያሳስበዋል። ብዙ አንባቢዎች ይህን ክፍል እንደ ተራ ሰላምታ ቈጥረው ያልፉታል። እኛ ግን ዛሬ በዚሁ እንቈይ ዘንድ እንወዳለን።

አስቀድመን ክረምት የሚለውን ቃል እንመልከት። በደጋ አገራችን ክረምት ማለት ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው፤ ውርጩ የሚወርደው ግን ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በደብረ ብርሃን ወይም በደባርቅ የኖረ ሰው ሁለቱን ብርዶች ለይቶ ያውቃቸዋል። በሮምና በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ዝናቡና ብርዱ ባንድነት ይመጣሉ፤ በዚያም ዘመን መርከቦች ማዕበሉን ፈርተው ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ወደብ ይዘው ይከርሙ ነበር። እንግዲህ ጢሞቴዎስ ጥቂት ቢዘገይ መንገዱ ይዘጋል፤ እስረኛውም ክረምቱን ያለ በርኖስና ያለ ልጁ ያሳልፋል። ወንዝ ሲሞላ መንገድ እንደሚቈረጥ ለሚያውቅ ደገኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

እነሆ፣ አክሊሉን በፊቱ የሚያይ ሰው ትከሻው ይበርደዋል፤ ይህንም ለመናገር አላፈረም። ደግሞም በመጀመሪያው ሙግት ሁሉ ሲተዉት ጌታ በአጠገቡ እንደ ቆመ በዚሁ ምዕራፍ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ጌታ ካለልኝ ሰው አያስፈልገኝም አላለም። በአንዳንድ ጉባኤዎቻችን ችግሩን የሚናገር ሰው እምነቱ እንደ ደከመ ይቈጠራል፤ «ጸልይ እንጂ» ተብሎም ይሸኛል። ያዕቆብ በመልእክቱ (2፥15–16) የታረዘውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው መውቀሱን አንርሳ። ማርቲን ሉተርም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፣ ስለ ፈጣሪ የምንናገረውን የሃይማኖት አንቀጽ ሲተረጕም ልብስንና ጫማን ከእግዚአብሔር ስጦታዎች ጋር ቈጥሮአቸዋል። (በሮም የነበሩት ምእመናን፣ እነ ሊኖስና ቅላውዲያ፣ ሌላ ልብስ ስለ ምን አልሰጡትም የሚል ሰው ይኖራል፤ ምናልባት እነርሱም ድሆች ነበሩ።)

ይህ ነገር ዛሬ ስለ ካርቱም እንድናስብ ያደርገናል። ካርቱም ከጣና የሚወርደው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለሆነች በግንቦት ወር ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የደጋችን ክረምት ወደ እርስዋ የሚደርሰው በጐርፍ መልክ ነው፤ ሱዳኖች ይህን ወራት ደሚራ ይሉታል። ብርዱ ግን አይደርስም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጀምሮ ብዙ ወገኖቻችን በደይምና በጅሬፍ ሠፈሮች ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶች በሰው ቤት በማገልገልና በመንገድ ዳር ሻይ በማፍላት ራሳቸውን ረድተዋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በእጃቸው ያለውን ብቻ ይዘው የወጡት ብዙዎች በገዳሬፍና በገላባት በኩል መተማ ደረሱ። ከዚያም በገንዳ ውሃና በአይከል በኩል ሽቅብ ወደ ጐንደር የሚወስደው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ያወጣል። በነጠላ ጫማና በስስ ቶብ በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ የሚገባ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ በአማራ ክልል ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአንድ ጦርነት የሸሸው ሌላው ላይ ደረሰ።

እነዚህን ሰዎች መቀበል ለእኛ ብድር መክፈል እንጂ ቸርነት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ ዳግመኛም በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው ኡም ራኩባ ስደተኞቻችንን አስጠግቶአል። ጳውሎስ ከመርከብ ስብራት አምልጦ በመላጥያ (ማልታ) በዝናብና በብርድ ሲንቀጠቀጥ እሳት ያነደዱለት ክርስቲያኖች አልነበሩም፤ ሉቃስ ግን ቸርነታቸውን በአድናቆት ጽፎታል (የሐዋ. 28፥2)። ስለዚህ ከካርቱም የመጣ ሁሉ፣ የእኛ ማኅበር ቢሆን ባይሆን፣ ሱዳናዊ እስላምም ቢሆን፣ ብርድ ልብስ ሲሰጠው ስለ ሃይማኖቱ አይጠየቅ። በየደጋው መንደር ስለ ወንጌል ከእድር ተለይቶ፣ ለሬሳው መቀበሪያ የተከለከለ ምእመን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የጎረቤት ፊት ሲቀዘቅዝ ምድጃ አያሞቅም።

ሙቀት ሁሉ መልካም አይደለምና። ጴጥሮስ በኢየሩሳሌም በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከሰል ከበው ከሚሞቁት ጋር ሲሞቅ ጌታውን ካደ (ዮሐ. 18፥18–27)። ሰውን በብርዱ ምክንያት ሕሊናውን እንዲሸጥ የሚያደርግ እሳት እንደዚያ ያለ ነው፤ ብርድ ልብስን የአባልነት ዋጋ የሚያደርግ ጉባኤም ያንኑ እሳት ያነድዳል። ከትንሣኤው በኋላ ግን ጌታ ራሱ በባሕር ዳር የከሰል እሳት አዘጋጅቶ ይኸንኑ ጴጥሮስን ጠበቀው (ዮሐ. 21፥9)። ዓሣና እንጀራም ነበረበት፤ ጥያቄው የመጣው ከቍርስ በኋላ ነው።

ተግተው ሳይደርሱ የቀሩም አሉ። ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ትውልድ አገሩ ወንጌልን ሊያደርስ በካርቱም መንገድ ሲሞክር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ከድንበሩ አጠገብ ከፋማካ ተመለሰ፤ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1899ም ታተመ። መንገድ ተዘግቶባቸው በካርቱም የቀሩትን ስንጸልይላቸው ይህንም እናስብ።

ዘጸአት 22፥26–27 ከድኻ በመያዣ የተወሰደ ልብስ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመለስ ያዝዛል። ለጉባኤዎቻችንም ጊዜው ግንቦት ነው፤ የመንዝ ባናም ሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከሰኔ 26 በፊት ተሰብስቦ በዲያቆናት እጅ ይግባ፤ ዝናቡ ከበረታ በኋላ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ጢሞቴዎስ ክረምት ሳይገባ ሮም ይድረስ አይድረስ መጽሐፍ አይነግረንም። ለሚቀጥለው ጥናት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ንና 28ን አንብባችሁ ኑ፤ እያንዳንዱም በሠፈሩ ከካርቱም የመጣ ሰው ያለ እንደ ሆነ፣ በሌሊት ምን ለብሶ እንደሚያድር ጠይቆ ይምጣ።