ዐውሎ ነፋስ ጣራ በነቀለ ጊዜ የታመነ ጣራ ሠሪ ስለ መምረጥ

በደጋውና በወይና ደጋው አገር የበልግ ዝናብና የክረምት መግቢያ ብዙ ጊዜ ነጐድጓድን፣ ብርቱ ነፋስንና በረዶን አስከትለው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ነፋስ የብዙ ዓመት ድካም ዋጋ የሆነውን የቆርቆሮ ክዳን በጥቂት ደቂቃ ነቅሎ ከእርሻ መካከል ሊጥለው ይችላል። ጉዳቱም በቤቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጣራው ሥር የቤተ ሰቡ መኝታ፣ የዓመቱ ቀለብ፣ ከሁሉም በላይ ለሚመጣው መኸር የተመረጠው ዘር ይገኛልና።

የጉዳቱን ልክ ለመረዳት ጥቂት ማስላት ይበቃል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ የተነሣበት ቤት 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድበት 1,200 ሊትር ውሃ ይገባበታል ማለት ነው። እህል በጎተራ ሳይበላሽ እንዲቆይ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚህ በላይ የረጠበ እንደ ሆነ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ለነቀዝም ይመቻል። በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያፈራል፤ ይህም መርዝ በመቀቀልና በመጋገር ፈጽሞ አይጠፋም። ለዘር የተቀመጠው እህል ከሻገተ ደግሞ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ በማሰብ ጣራውን በቶሎ ለማስከደን ይቸኩላል። መቸኮሉ አያስነቅፈውም፤ ነገር ግን የማይታመን ሠሪ የሚጠቀመው በዚህ በችኮላው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ለጣራ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። በችኮላ የተከደነ ጣራ በሚቀጥለው ነፋስ ዳግመኛ ይነሣል፤ ባለቤቱም ስለ አንድ ጣራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ፋታ ስለ ማግኘት

ስለዚህ ከነፋሱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሠሪ መፈለግ ሳይሆን እህሉንና ሰውን ከዝናብ ማዳን ነው። ዘሩ ከሁሉ በፊት ይነሣና ጣራው ወዳልተነካ ጎረቤት ቤት ይዛወር። የረጠበው እህል ከደረቁ ተለይቶ ፀሐይ በወጣ ጊዜ በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ይሰጣ፤ ከደረቁ ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ ሁሉንም ያበላሻልና። ክፍት የሆነው የጣራ ክፍል በወፍራም ላስቲክ ወይም በሸራ ተሸፍኖ ዳሩ በገመድና በአሸዋ ከረጢት ይጠበቅ። በአካባቢው እድር ካለ ሸራና ድንኳን እንዲያውስ መጠየቅ ይቻላል። ፍርስራሹን ለማንሣትም ጎረቤት በደቦ ቢሰበሰብ የአንድ ሰው የሳምንት ሥራ በአንድ ቀን ይፈጸማል።

ጣራው እርጥብ ሳለ ወይም ነፋሱ ሳይበርድ ማንም ሰው አይውጣበት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ተነካክቶ እንደ ሆነ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መብራቱን እስኪቆርጥ ድረስ ማንም አይቅረበው።

ቤቱ በዚህ ዓይነት ለጥቂት ቀን ከተሸፈነ ባለቤቱ የሚመረምርበትና የሚመርጥበት ፋታ ያገኛል። የወደቀውን ቆርቆሮ ቈጥሮ፣ የተሰበረውን እንጨት ለክቶ በወረቀት ይጻፍ፤ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ጉዳቱን ያስታውቅ። ይህ ጽሑፍ በኋላ ከሠሪው ጋር ለሚደረገው የዋጋ ንግግር መሠረት ይሆናል።

ነፋስ ጣራን እንዴት እንደሚያነሣ

ብዙ ሰው ነፋስ ጣራን የሚጥለው በመግፋት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነፋስ በጣራው ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በበርና በመስኮት የገባው ነፋስ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ኃይል የሚበረታው በጣራው ዳር፣ በማዕዘኑና በጫፉ ነው፤ ስለዚህ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ መነሣት የሚጀምረው ከእነዚህ ስፍራዎች ነው።

ጣራ የሚነሣበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሚስማሩ አጭር ወይም ጥቂት ሆኖ ቆርቆሮው ከማገሩ ይላቀቃል። አንዳንድ ጊዜ ቆርቆሮውና ማገሩ ሳይለያዩ ማገሩ ከወራጁ ይነቀላል። አንዳንድ ጊዜም እንጨቱ ከግድግዳው ጋር በሽቦ ወይም በብረት ሳይታሰር በላዩ ላይ ብቻ ተጋድሞ ስለ ነበር ጣራው እንዳለ ይነሣል። እንጨቱን ምስጥ በልቶት ወይም ሳይደርቅ ተመትቶ ከሆነም ሚስማሩን ሊይዝ አይችልም።

ሠሪውን በአንድ ጥያቄ ስለ መመርመር

ከዚህ የተነሣ ባለቤቱ ሥራ ሊይዝ ለመጣው ሰው አስቀድሞ የሚያቀርብለት ጥያቄ «ስንት ትጠይቃለህ?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ጣራ ስለ ምን ተነሣ?» የሚለው መሆን ይገባዋል። ብልህ ሠሪ ወዲያው አይመልስም። የወደቀውን ቆርቆሮ ያገላብጣል፣ የሚስማሩን ቀዳዳ ይመለከታል፣ መሰላል አቁሞ የወራጁን ራስ ይፈትሻል፣ ምስጥ የበላውን እንጨት በቢላዋ ጫፍ ይወጋል፤ ከዚህ በኋላ ምክንያቱን ያስረዳል። ምድር ላይ ቆሞ «ቆርቆሮው ስስ ስለ ሆነ ነው፤ ሁሉም ይለወጥ» የሚል ሰው ግን ሳይመረምር የፈረደ ነው። የፊተኛው ጣራ ስለ ምን እንደ ተነሣ ያላወቀ ሠሪ የኋለኛውን ሊያጸናው አይችልም።

ሁለተኛው ፈተና የቀድሞ ሥራው ነው። ሠሪው ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ጣራዎች ያሳይ። ባለቤቱም ሄዶ ጣራውን ከመመልከት ሌላ የቤቱን እመቤት ይጠይቅ፤ ጣራው የት እንደሚያፈስ ከእርሷ ይልቅ የሚያውቅ የለምና። ሠሪው በቀጠሮው ቀን መምጣቱን፣ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አለመሄዱን፣ ባፈሰም ጊዜ ተጠርቶ መመለሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው መኖሪያው ነው። ከነፋስ ማግሥት ከሩቅ የመጣ ሠሪ ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ የማይታወቅ፣ ዋስ የማይጠራ፣ በከተማም ቢሆን የሥራ ፈቃዱን የማያሳይ ሰው ጣራው ባፈሰ ቀን አይገኝም። «ዛሬ ካልተዋዋልን ነገ ዋጋው ይጨምራል» የሚል፣ ገንዘቡን በሙሉ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ውል ሲባል «አታምነኝምን?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ቢታይበት እንኳ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ስለ ልክና ስለ ዋጋ

ከሦስት ሠሪዎች ዋጋ መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ስለ አንድ ዓይነት ሥራ መናገር አለባቸው። የቆርቆሮው ውፍረት ካልተጠቀሰ ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ነው። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ቍጥር ሲነገር ቍጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32፣ ባለ 32ም ከባለ 35 ይወፍራል። «ቆርቆሮ አለብሳለሁ» ብሎ ቍጥሩን ያልተናገረ ሠሪ ዋጋውን ያረከሰው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ርካሽ ዋጋ የሚመጣበትን ሌላ መንገድ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 8.40 ሜትር የሆነ ጣራ ወርዱ 80 ሳንቲሜትር በሆነ ቆርቆሮ ይከደን እንበል። አንዱ ሠሪ በአንድ ረድፍ 12 ቆርቆሮ ይበቃል ሲል ሌላው 11 ይበቃል ይላል። በ12 ቆርቆሮ ሲከደን እያንዳንዱ በጎረቤቱ ላይ 11 ሳንቲሜትር ያህል ይደረባል፤ ይህም በተለመደው ቆርቆሮ አንድ ጉብታ ተኩል ያህል ነው። በ11 ቆርቆሮ ሲከደን ግን መደረቢያው 4 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ጣራውን ይሸፍናሉ፤ ከምድር ለሚመለከታቸውም ልዩነት የላቸውም። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በመጣ ጊዜ ግን በሁለተኛው ጣራ ውሃው በመጋጠሚያው ይገባል። ባለቤቱ በአንድ ረድፍ አንድ ቆርቆሮ አተረፈ፤ ጎተራውን ግን ለውሃ ሰጠ።

ሥራው ሲሠራም ሊታዩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ውስጥ አይደለም። ሚስማሩ ዝገት የማይበላው፣ ከራሱም ሥር ውሃ የሚከለክል የላስቲክ ቀለበት ያለው ይሁን። በጣራው ዳር፣ በማዕዘኑና በጫፉ ሚስማሩ ከመካከሉ ይልቅ ይቀራረብ። የጎን መደረቢያው አፍ ነፋስ ዘወትር ከሚመጣበት አቅጣጫ ይዙር። የወደቀው ቆርቆሮ ተቃንቶ የሚያገለግል እንደ ሆነ አሮጌው ቀዳዳ በመደረቢያው ሥር ይዋል ወይም በሚገባ ይደፈን። ወራጁ ከግድግዳው እንጨት ጋር፣ የግድግዳው እንጨትም ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ወይም በብረት ይታሰር። ይህ ማሰሪያ ከጣራው ሁሉ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጣራውን የሚያቆየው ግን እርሱ ነው።

ስለ ውል፣ ስለ ቀብድና ስለ ዋስ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ ሥራው ትንሽ ቢሆንም ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በውሉ ውስጥ የቆርቆሮው ጌጅና ብዛት፣ የመደረቢያው ልክ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የሚስማሩ ዓይነት፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ጠቅላላው ዋጋና አከፋፈሉ በግልጽ ይጻፍ። ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፤ ሁለት ምስክሮችም ያረጋግጡት። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከመፈረሙ በፊት ሠሪው ባልመረጠው ሰው ያስነብበው።

ስለ ቀብድ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደነገገውን ማወቅ ይጠቅማል። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ነውና በደረሰኝ ወይም በውሉ ውስጥ ተጽፎ ይሰጥ። ይኸው ሕግ የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ እስከ 10 ዓመት ስለ ሥራው ጽናት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ሕግ የሚረዳው የተዋዋለውን ሰው ማንነትና አድራሻ ለያዘ ነው፤ ስለዚህ የታወቀ ዋስ ያስፈልጋል።

ስለ ክፍያና ስለ ርክክብ

ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ከነጋዴ በደረሰኝ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ሠሪው አብሮ ሄዶ ይምረጥ፣ ገንዘቡን ግን ባለቤቱ ይክፈል። የእጅ ዋጋውን በሦስት መክፈል ይቻላል፤ አንዱን እጅ እንጨቱ ታስሮ ሲታይ፣ ሁለተኛውን ክዳኑ ሲያልቅ፣ ሦስተኛውን ብርቱ ዝናብ ከዘነበ በኋላ። እንጨቱ ከመከደኑ በፊት መታየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ ማሰሪያ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ያስቸግራልና። ለመጨረሻው ክፍያ የሚጠበቀው ዝናብ ቢዘገይ የሚከፈልበት ቀን በውሉ ይወሰን፤ ሠሪው ሰማይ ሲመለከት ሊከርም አይገባውም። በሥራው የሚተማመን ሠሪ ይህን አከፋፈል አይፈራም፤ ከዝናቡ በፊት ገንዘቡን ይዞ ለመሄድ የሚቸኩል ግን ጣራው እንደሚያፈስ ራሱ መመስከሩ ነው።

ባለቤቱም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ሠሪው ከላይ ሆኖ ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ የሚሠራ ነውና ጽኑ መሰላል ይቅረብለት፣ ምሳውም አይጓደል፣ የተስማማበት ክፍያ በቀኑ ይሰጠው። ከውሉ ውጭ ሥራ ቢጨመር ዋጋውም ይጨመር። መልካም ሠሪ ተከብሮ የሚከፈለው ከሆነ በአገሩ ይቀመጣል፣ ልጆችንም ሙያውን ያስተምራል፤ እየተከራከረ ከሄደ ግን በሚመጣው ነፋስ ጊዜ ለመንደሩ የሚቀረው የማይታወቀው መንገደኛ ነው።

በመጨረሻም ጣራው በደኅና ያለ ሰው ይህን ትምህርት ነፋስ እስኪመጣ አያቆየው። ከበልግ በፊት ባለው ደረቅ ወራት መሰላል አቁሞ የላላውን ሚስማር ያጥብቅ፣ ዳሩን ይመልከት፣ ማሰሪያውንም ይፈትሽ። በዚያን ጊዜ ሠሪው ሥራ አይበዛበትም፣ ዋጋውም አይከብድም፣ ባለቤቱም አይቸኩልም፤ ዘሩም በጎተራው እንደ ደረቀ እስከ መዝሪያው ቀን ይቆያል።