የቤተሰብ ላንድክሩዘር፤ ሲያዝ፣ ሲፈተሽና ሲሸጥ

አንድ ሻጭ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘሩን ይዞ ገበያ ይወጣል እንበል። ቀለሙ ታድሷል፣ ወንበሮቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፣ ጎማው ያብረቀርቃል። ደላላውም «ከቤተሰብ በቀር ሌላ ሰው አልነዳውም» ብሎ ይመሰክራል። ገዢው ግን መኪናውን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ካየ በኋላ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «የታይሚንግ ችንጋው መቼ ነው የተቀየረው?» ሻጩ ደላላውን ያያል፣ ደላላውም ሻጩን ያያል። መልስ የለም። ዋጋው መውረድ የሚጀምረው ከዚያች ደቂቃ ነው።

የመኪና ገበያ ሰዎች ይህን ትዕይንት በሚገባ ያውቁታል። ሆኖም ብዙ ባለንብረቶች ለሱቃቸው የዕቃ መዝገብ፣ ለመጋዘናቸው ጠባቂ፣ ለቤታቸው መድን እያኖሩ፣ በግቢያቸው ከቆመው ንብረት ሁሉ ውድ የሆነውን መኪና ግን «እስኪቆም ይሄዳል» በሚል ስሌት ሲነዱት ይታያሉ።

ለምን የባለሀብት ጉዳይ ሆነ

መኪናን በሚገባ መያዝ የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታይ የነበረበት ጊዜ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚገዛው መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አብሮ ተነሣ።

የሦስቱም ድምር ውጤት አንድ ነው። በግቢ ውስጥ ያለውን ባለናፍጣ መኪና በሌላ እንደሱ ባለ መኪና መተካት እየከበደ ሄዷል። ስለዚህ ባለቤቱ ቀድሞ ካሰበው በላይ ብዙ ዓመት ይዞት መቆየት አለበት። ብዙ ዓመት የሚያዝ ንብረት ደግሞ የእርጅና ሒሳቡ ሊታሰብለት ይገባል።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው በ1ኤችዜድ ሞተር የሚሠራው ላንድክሩዘር ነው። ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ የተሠራ ነው። በኮምፒውተር የማይታዘዝ በመሆኑ ብዙ መካኒክ ያውቀዋል። ከድርጅቶች በጨረታ እየወጣ ወደ ቤተሰብ የገባውም ጥቂት አይደለም። ለስምንት ለአሥር ሰው ስለሚበቃ ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ ለክፍለ ሀገር ጉዞ የሚወጣው እሱ ነው። ይህም አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት ያመጣል፤ የሚሸከመው ዕቃ ሳይሆን ቤተሰብ ነው።

ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ

የመጀመሪያው ፍተሻ ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ እንደቆመ ኮፈኑ ይከፈታል። የዘይት መለኪያው ተስቦ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ገብቶ ይታያል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ከወረደ የሚጨመር ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሄደ የሚጠየቅበትም ነው። ዘይቱ የወተት መልክ ይዞ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና የቴስታታው ጓርኒሲዮን መጠርጠር አለበት። በዚያ ሁኔታ መኪናውን ማንቀሳቀስ ጉዳቱን ማብዛት ነው።

ቀጥሎ ራዲያተሩ ይታያል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ውሃው በዚህ ሙቀት እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከደከመ፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሊግል ይችላል። በብዙ ሺሕ ብር ራዲያተር ከመቀየር በፊት ክዳኑን መመርመር የሚገባው ለዚህ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ዝገትና ዝቃጭ ስለሚያስከትል ኩላንት ከንጹሕ ውሃ ጋር ተመጥኖ ይጨመራል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላልና አይሞከርም።

ከዚያም ፍሬቻው፣ የፍሬን መብራቱ፣ የፊት መብራቱና ጡሩምባው ይሞከራሉ። መኪናው ያደረበት መሬትም ይታያል። ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት፣ ቀላ ያለ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት፣ ከጎማ ሥር የታየ እርጥበት ደግሞ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከተገኘ መኪናው ከግቢ መውጣት የለበትም።

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ

በአቧራማ መንገድና በከተማ ትርምስ ለሚሠራ ባለናፍጣ ላንድክሩዘር፣ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር የተለመደ ሥርዓት ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ አራት ጊዜ ሰርቪስ ያስገባል ማለት ነው። ፊልትሮውን ትቶ ዘይቱን ብቻ መለወጥ ንጹሕ ውሃ በቆሸሸ እንስራ እንደ መቅዳት ይቆጠራል።

በዚያው ጊዜ የአየር ፊልትሮው ይወጣል። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ መሆን አለበት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱን ዘልቆ ሞተሩ ሊውጠው ይችላል። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ብርሃን ላይ ሲታይ ጨለማ ከሆነ መንፋቱ ትርፍ የለውም፤ ይቀየራል።

የናፍጣ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስም ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። የታችኛው ብሎን ላላ ተደርጎ፣ ከላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ሲጫን ውሃው ቀድሞ ይወርዳል። ናፍጣ ከወረደ በቃ ማለት ነው። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ካልተሠራ ውሃው ወደ ናፍጣ ፖምፓውና ወደ ኖዝሎቹ ይሄዳል፤ የነሱ ዋጋ ደግሞ ከማጣሪያ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከመኪናው ሥር የሚገቡት እጆች ደግሞ በትራስሚሽን አክሱ ጫፎች ላይ ያሉትን የግሪስ መውጊያዎች፣ የመሪውን ቴስቲናዎች፣ የባልስትራውን ቦኮላዎችና ብሎኖች ይፈትሻሉ። ከፊት ጎማ ጀርባ ባለው ክብ አካል ላይ የወፈረ የዘይት እርጥበት ከታየ የውስጥ ፓራኦሊዮው አልቋል፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ትልቁ ሒሳብ፤ ታይሚንግ ችንጋ

ይህ ሞተር የሚሠራው በሰንሰለት ሳይሆን በጥርሳም የጎማ ችንጋ ነው። ችንጋው ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ ያስማማል። በብዙ ሞዴሎች ላይ የመቀየሪያ ጊዜው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። በዓመት 20,000 ለሚነዳ ቤተሰብ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ የሚመጣ ወጪ ነው።

ችንጋ ሲበጠስ ቀድሞ አይናገርም። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ሙቀትም አያሳይም። በተበጠሰበት ቅጽበት ቫልቮቹ ካሉበት ሳይነሡ ፒስተኖቹ ይመጡባቸዋል። ቫልቭ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ቴስታታውና ፒስተኑ ይጎዳል። ያኔ በአንድ ችንጋና በአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ይታለፍ የነበረው ጉዳይ ሞተር ወደ ማውረድ ይደርሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በብዙዎቹ ላይ ጊዜው ሲደርስ በዳሽቦርዱ ላይ የችንጋ ማስታወሻ መብራት ይበራል። የመብራቱ መጥፋት ግን ችንጋው ለመቀየሩ ማስረጃ አይሆንም። ችንጋው ሳይነካ መብራቱን ማጥፋት የሚችል ሰው አይጠፋምና ማስረጃው ደረሰኝና የተጻፈ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ችንጋው ሲቀየር የሚወጥረው ኩሽኔታና በአካባቢው ያሉት ፓራኦሊዮዎችም አብረው መታየት አለባቸው፤ ዘይት የነካው አዲስ ችንጋ ዕድሜው ያጥራልና። ስለ ዕቃው ምንጭም መጠንቀቅ ያሻል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለም፤ ኦርጅናሉና የተመሳሰለው ግን ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ለበር እጀታ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ያዋጣ ይሆናል። ለችንጋና ለፍሬን ግን አያዋጣም።

ፍሬንና የዓባይ ቁልቁለት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ቤተሰብና ሻንጣ የጫነ ላንድክሩዘር ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢወርድ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል።

የፍሬን ዘይት ባሕርይው እርጥበት መጠጣት ነው። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ያለ ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ጠዋት ከተማ ውስጥ ደህና ይዞ የነበረ ፍሬን ከሰዓት በኋላ በረሃው መካከል የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀለሙ ባይጠቁርም እንኳ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። ቁልቁለት ሲወረድም ገና ከላይ ከባድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ይደረጋል።

ጎማ ዕድሜው ተጽፎበታል

ብዙ ገዢ የጎማውን ጥርስ ያያል፣ ዕድሜውን ግን አይጠይቅም። በጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2319 ከሆነ ጎማው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ለብዙ ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ወይም ፀሐይ የመታው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይሰነጠቃል። በጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ ሲታይ ቁጥሩን ፈልጎ ማንበብ ነው። ስኮርታው ጎማም እንደ ሌሎቹ ይቆጠራል። ክሪኩ መኖሩና መሥራቱም ከጉዞ በፊት ይረጋገጣል።

ቦሎ ምን ይናገራል፣ ምን አይናገርም

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ደንግጓል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አድርጓል። ከመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎ መኪናው ለምርመራ በቀረበበት ቀን ፍሬኑ መያዙን፣ መብራቱ መብራቱን፣ መሪው መስተካከሉን ያመለክታል። የታይሚንግ ችንጋውን ዕድሜ ግን አይናገርም፣ የፍሬን ዘይቱን ውሃም አይለካም። ቦሎ ያለው መኪና ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ መግዛት ሊብሬ ያለው ቤት ሁሉ አያፈስም እንደ ማለት ነው።

ለገዢና ለደላላ

ገዢ መኪና ለማየት ሲሄድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቢደርስ ይመረጣል። ኮፈኑን በእጁ ዳስሶ ሞቅ ካለ ቀድመው አስነሥተውታልና ምክንያቱን ይጠይቅ። ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት ጭስ ማሳየቱ አያስደነግጥም። ከሞቀ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ዘይት ይበላል፤ ነጩ ከቀጠለ ውሃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍጣ አለ፤ ጥቁሩ ከበዛ ኖዝሉ ወይም የአየር ፊልትሮው ይጠረጠራል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት እንደ ሎኮሞቲቭ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፒስተንና ቀለበቱ ደክመዋል። የፊት ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም መሪው ላይ ሥራ አለ።

ለደላላም ቢሆን ይህን ማወቁ ጥቅሙ ቀጥተኛ ነው። ያልተመረመረ መኪና አሻሽጦ ኮሚሽኑን የተቀበለ ደላላ አንድ ቀን ይበላል። በሳምንቱ ሞተር ያወረደ ገዢ ግን ወዳጆቹን ሁሉ ይዞበት ይሄዳል።

ደብተሩ

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ባለ መስመር ደብተር ነው። በአንድ ረድፍ ቀኑ፣ ቀጥሎ ኪሎ ሜትሩ፣ ከዚያ የተሠራው ሥራ፣ የተገዛው ዕቃና ዋጋው ይጻፋል። ደረሰኙም በገጹ ላይ ይጣበቃል። ሹፌር ቢቀየር፣ ጋራዥ ቢለወጥ ደብተሩ ይቀጥላል። በደብተሩ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር በየጊዜው ስለሚጨምር፣ በዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው ቁጥር ወደ ኋላ እንዳልተመለሰም ለገዢው ይመሰክራል። ነጋዴ ለሆነ ባለንብረትም ሌላ ጥቅም አለው። የዓመቱ ወጪ ተደምሮ ሲታይ መኪናው መያዝ ያለበት ይሁን መሸጥ ያለበት በግምት ሳይሆን በአኃዝ ይወሰናል።

በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ሻጭ እንመለስ ቢባል፣ ያው ሰው ያንኑ መኪና ይዞ፣ ቀለሙን እንኳ ሳያሳድስ፣ «ችንጋው መቼ ተቀየረ?» ለሚለው ጥያቄ ደብተሩን ገልጦ ገጹን ቢያሳይ ገዢው የሚከራከርበት ነጥብ ባጣ ነበር። ለቀለም የወጣው ገንዘብ ለችንጋ ቢወጣ ኖሮ ዋጋውም ይጠበቅ ነበር፤ ቤተሰቡም እስከዚያ ድረስ ዓባይን ሲወርድና ሲወጣ በሰላም ይገባ ነበር።