ያሬድን መልሶ የተቀበለው መምህር



በዚህ እትም ልንማማርበት የወደድሁት ጉዳይ የሰው ችሎታ በልደት ተወስኖ የሚቀር ነው ወይስ በትምህርትና በድካም የሚያድግ የሚለው ነው። ነገሩን እንዳነሣው ያስገደደኝ የራሴ ስሕተት ነው። በሐረር ከተማ በአንድ አጥቢያ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ስሰጥ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ገንዘብ ያዥ መዝገባቸውን ከባንክ መግለጫው ጋር ለማስታረቅ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቱንም ጊዜ ሳቱ። «አባቴ፣ ይህን ለልጆቹ ይተዉላቸው» አልኋቸው። እንዳከበርኋቸው መስሎኝ ነበር። እርሳቸው መዝገቡን ከደኑ፤ በማግሥቱም አልመጡም።

የሥነ ልቡና ምሁሯ ካሮል ድዌክ ከክላውዲያ ሙለር ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ጎበዝነታቸው የተመሰገነላቸው ሕፃናት ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ይበልጥ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ድካማቸው የተመሰገነላቸው ግን ጸንተው እንደሚሞክሩ አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን ሰውን «ትችላለህ» ማለት ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከ12,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ሲታተም፣ በዚህ አስተሳሰብ ላይ የተሰጠው አጭር ትምህርት ያመጣው መሻሻል አነስተኛ ነበር፤ በርትቶ የታየውም ባልንጀሮቻቸው ከባድ ሥራን መሞከርን በሚያበረታቱባቸው ትምህርት ቤቶች ነው።

ይህን እኛ ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ልናውቀው ይገባን ነበር። ትሏ እየወደቀች ዛፉን ስለ መውጣቷ በየዐውደ ምሕረቱ እንሰብካለን። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወደ መምህሩ ወደ አጎቱ ጌዴዎን መመለሱን፣ ይቅርታ መጠየቁንና መምህሩም ደግሞ ማስተማሩን ግን በችኮላ እናልፈዋለን። ጌዴዎን «አንተ አይሆንልህም» ብሎት ቢሆን ኖሮ የትሏ ትጋት ምን ይጠቅም ነበር?

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሥርዓትም ይኸው ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ደግሞ ይቈጥራል፤ እንዲህ እያለ መወድስ ይደርሳል። በጀጎል ግንብ ውስጥ በሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ውብ ስፌቶችም ዙር በዙር የተሠሩ ናቸው፤ ቈጠራው የተሳተ ዙር ይፈታል እንጂ ሥራው አይጣልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው የወይን አትክልት ሠራተኛም ፍሬ ላጣችው በለስ አንድ ዓመት ሲለምንላት ዝም ብሎ ሊጠብቃት አይደለም፤ ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያፈስላት ነው። ብዙዎቻችን ጊዜውን እንሰጥና መኮትኮቱን እንረሳለን።

ስለዚህ ጉባኤያችሁ ሥራ ሲያከፋፍል «ማን ይችላል?» ከማለት ጋር «ማን ገና አልቻለም? ማንስ አጠገቡ ይቀመጣል?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር መልካም ነው። የሚሳሳተውን አባል በጉባኤ ፊት ከማረም ለብቻው ማረም ይሻላል። የንስሐ አባቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገንዘብ ያዡን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና ተፈላ፤ መዝገቡም ወጣ። አብረን መስመር በመስመር ስናየው፣ ልዩነቱ ባንኩ የቈረጠው የአገልግሎት ክፍያ በመዝገባቸው ባለመስፈሩ የመጣ ሆኖ ተገኘ። በሥልጠናው ስለዚህ ክፍያ አንዲት ቃል አልተናገርሁም ነበር። ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉት፤ ቀና ብለውም «የሚቀጥለውን ወር ብቻዬን ልሞክረው፤ አንተ መጥተህ እይልኝ» አሉኝ።